የወሰዳችሁትን የሁለት መቶ አራት ቤት ሰገራ ይመለከታል

ለተከበረው የዩኒቨርሲቲ ቁጥር 031 የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት
ግልባጭ፦ ማፈር ለሚችል ሁሉ

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝም። ሁለቱንም ያልኩት በእኛ አገር አንዱ ብቻ ጎረቤት ስለሚያስቀይም ነው። እንደምን ሰንብታችኋል? አለቆቹ ደህና ናቸው? ማይክሮስኮፑስ ደህና ነው? ፍሪጁስ? በተለይ የፍሪጃችሁን ጤና አጥብቄ ብጠይቅ አትታዘቡኝ፤ የሁለት መቶ አራት ቤት ሰው ነገር እዚያ ውስጥ አድሮ ሳይመለስ ስለቀረ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለ እናንተ የምንሳቀቀው እኛ ነን።

ስማችሁን ትቼ በቁጥር የጠራኋችሁ ንቄያችሁ እንዳይመስላችሁ። ቁጥር ከስም እንደሚበልጥ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። አምና መጥታችሁ ለያንዳንዳችን ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ስትሰጡን «ስማችሁ ምስጢር ነው፤ ከእንግዲህ የምትታወቁት በዚህ ነው» ብላችሁን ነበር። የኔ 031 ነበር። ምስጢራችሁን ለመጠበቅ ስል ቁጥሬን በክብር አውርሻችኋለሁ።

እኔ ሳዲቅ እባላለሁ። መካነ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ሞባይል እጠግናለሁ፤ ቤታችን ግን ከከተማው ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬደው ወይራ ምንጭ ቀበሌ ነው። ትምህርት ቤቱና እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያይተናል። ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ የሚያስቀይም ቃል ብታገኙ፣ የጎደለው ባልተማርኳቸው ክፍሎች ውስጥ የሚሰጥ ጨዋነት ነው ብላችሁ እለፉት።

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ኢልሀም ትባላለች፤ የጎረቤታችን የፈይዛ ልጅ ናት። በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ እናንተ እንደማታውቁ ስለማውቅ ነው። ቅሬታዬን እንደ እናንተ አጻጻፍ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመጣጣችሁ። የመጣችሁት በ2016 መጋቢት ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን ገብተው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ጾሞ፣ ቀበሌው በሙሉ ከንፈሩ ደርቆ ባለበት ሰሞን፣ አራት ሆናችሁ ነጭ ጋውን ለብሳችሁ፣ መክደኛ ያላቸውን ትንንሽ ኩባያዎች በካርቶን ጭናችሁ ከተፍ አላችሁና «የአንጀት ትል እናጠናለን፤ ከየቤቱ ከአንድ ሰው የጠዋት ሰገራ እንፈልጋለን» አላችሁ። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነበረው። ገበሬ ዘር የሚዘራው ደመና አይቶ ነው፤ ሰገራ የሚሰበስብ ሰውም የበላ ሰው አይቶ ነው መምጣት ያለበት ብሎ የሚመክራችሁ አንድ ሰው በዚያ ሁሉ መምህር መካከል በመጥፋቱ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመለሱላችሁ ኩባያዎች ሰባት ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ አንዱ የአህያ ነበር። ይቅርታ፣ የእኔ ሥራ ነው። ዋና ተመራማሪው (ምስጢር ነውና ቁጥር አንድ እንበላቸው) ኩባያውን ወደ ብርሃን አንስተው ብዙ ካዩት በኋላ «ይሄ ሰውዬ ሣር ነው እንዴ የሚበላው?» አሉ። «ኑሮ ተወዷል ዶክተር» አልኳቸው። አንገታቸውን በሐዘን ነቅንቀው አንድ ነገር ጻፉ። የጻፉት ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈቃድ ወረቀቱ። ማንበብ ይችላል ተብዬ አስተባባሪ አደረጋችሁኝ፤ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ያለበት ኮፍያም ሰጣችሁኝ። ለሰው ሁሉ አንብብ ብላችሁ የሰጣችሁኝ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል አለበት፦ «ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለየተሳታፊው ይገለጻል፤ ትል የተገኘበት ሰው መድኃኒት በነጻ ያገኛል።» ያነበብኩት እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሬ አነበብኩት። እትዬ ፈንታዬ የሚባሉ ጎረቤታችን ከሕዝቡ መካከል ተነሥተው «ሳዲቅ፣ የምርህን ነው ወይስ እንደ ልማድህ ነው?» አሉኝ። መጠየቃቸው ፍትሕ ነው። ከዓመት በፊት ዶሮዎቻቸው ስልክ አዝዘዋል ብዬ የአንበሳ ድምፅ የሚጮኽ ስልክ ቆጥ ላይ ያሰርኩባቸው ሰው ነኝ። «እትዬ፣ ይሄ የኔ ቃል አይደለም፤ ማኅተም አለው» አልኳቸው። ማኅተሙን በጣታቸው ነክተው አዩትና የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኖሩ። ከእሳቸው በኋላ ሰው ሁሉ አኖረ።

የተከበራችሁ ሆይ፣ በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ በአደባባይ የምሬን የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነበር። እሱንም ውሸት አደረጋችሁት። የእኔን ውሸት ሰው ስቆበት ወደ ቤቱ ይገባል። የእናንተን ውሸት ግን ሰው አምኖት ተቀመጠ።

ሦስተኛ፣ ስለ አሰባሰቡ። እዚህ ላይ እኔም ጥፋት አለብኝና እየተናዘዝኩ ልክሰሳችሁ። ኩባያዎቹ ባዶአቸውን ሲቀሩባችሁ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ አባ ይሄነው ሄዳችሁ። ቅሬ እናንተ በጽሑፋችሁ «ነባር የማኅበረሰብ አደረጃጀት» ያላችሁት ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት፣ ለቅሶ ቤት እንጀራውን፣ ውኃውንና እንጨቱን የሚያዋጣበት፣ የቀረውንም የሚቀጣበት ነው። አባ ይሄነው ሽማግሌ ናቸው፣ እንግዳ አክባሪም ናቸው። ዶክተር የሚባል ሰው ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሲለምናቸው ጊዜ ተነኩና ቀብር ላይ ተነሥተው «ነገ ጠዋት ያላመጣ ቤት ለቅሶ እንደቀረ ይቆጠራል!» ብለው አወጁ።

እናንተ በደስታ አጨበጨባችሁ። ቀብር ላይ እንደማይጨበጨብ ግን ማንም አልነገራችሁም።

እናንተ ያላወቃችሁት የቅሬ ሕግ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ እንዳለው ነው። የሌለው ሰው ከጎረቤቱ ተበድሮ ያቀርባል እንጂ ባዶ እጁን አይመጣም። እንጀራ ያልጋገረች ከጎረቤቷ ትወስዳለች፣ ውኃ ያልቀዳችም እንደዚሁ፤ ቅሬው የሚያየው መቅረቡን ነው፣ ከማን ጓዳ እንደወጣ አይጠይቅም። በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ከዚህ ተነሥታችሁ ትገምታላችሁ ብዬ ነበር፤ ግን አልገመታችሁምና ልንገራችሁ።

ጎህ ሲቀድ እትዬ ፈንታዬ ኩባያቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እኛ በር ላይ ቆሙ። «ሳዲቅ ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው ከየት አባቴ አመጣለሁ? ከበላሁ አይደል የሚወጣው!» አሉ። እሳቸውን ሳላስተናግድ አባ ይሄነው ራሳቸው መጡ። ያወጁት አዋጅ ሊቀጣቸው ነው። ግራና ቀኙን አይተው በሹክሹክታ «ዳኛ ሆኜ በዚህ ነገር ልቀጣ? በመቃብሬ ላይ ሳይቀር ይሥቁብኛል። መላ በል እንጂ አንተ ልጅ!» አሉኝ። ከኋላቸው ሌላ ሰው፣ ከዚያም ሌላ ሰው።

እኔ ደግሞ ሱሑር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጠግቤ የምበላ፣ ጎረቤት ሲቸገር ዝም ብዬ ማየት የማልችል ሰው ነኝ። ለስድስት ቤት አበደርኩ። ከራሴ ጋር ሰባት ኩባያ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም።

የቀረውን ያሟላችው ኢልሀም ነች። ልጅ ስለሆነች አትጾምም። የራሷን ኩባያ ይዛ ቆማ ወረፋውን ስታይ ሁኔታው ገባትና «ጋሼ ሳዲቅ፣ የኔ ይበቃል እኮ፣ ይድረሳቸው!» አለች። በሳቅ ሞትኩ። በእንጨት ማንኪያ ለእትዬ ፈንታዬ ከፈልኩላቸው፤ ለአባ ይሄነውም ከፈልኩላቸው። አባ ይሄነው ራሷን ዳብሰው «ተባረኪ፣ እደጊ፣ ቅሬውን ያዳንሽ ልጅ» ብለው መረቋት። ሦስት ኩባያ፣ ሦስት ቁጥር፣ አንዲት ልጅ። ቁጥሮቹ 046፣ 047 እና 112 ናቸው። እባካችሁ እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ።

ከሁለት መቶ አራት ኩባያ ሁለት መቶ አራቱም ሞልቶ ሲመጣ ቁጥር አንድ እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረውም ነበር። «እንዲህ ያለ ትብብር በሌላ ወረዳ አይቼ አላውቅም» አሉ። እኔም አላየሁም። ኢልሀምን ኩባያዋን አስይዘው ፎቶ አነሷትና ሄዳችሁ።

አራተኛ፣ ስለ ዝምታችሁ። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ዒድና ፋሲካ አለፉ፣ ክረምቱም አለፈ። በመካከሉ ፈይዛ ልጇ አፈር ስትቅም አገኘቻት። ከግድግዳው ላይ እየፈቀፈቀች ትበላለች። ዓይኗ ነጣ፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ትተኛለች። ፈይዛ እኔን ጠየቀችኝ፤ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኛ። «ትል ይሆን እንዴ ሳዲቅ? ጤና ጣቢያ ልውሰዳት?» አለችኝ። ያልኳትን እስካሁን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ዩኒቨርሲቲ አይቷታል እኮ። የሆነ ነገር ቢያገኙባት ኖሮ ይነግሩን ነበር። ዝም ያሉት ደህና ብትሆን ነው።»

ይህን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ባትመጡ ኖሮ ልጅቷ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ትሄድ ነበር። የመጣችሁላት ልጅ ግን አሥር ወር ተቀመጠች። የእናንተን ዝምታ እንደ ውጤት ቆጠርነው። ምርምራችሁ ባዶ ሆኖ ቢቀር አይቆጨንም ነበር፤ ምርምራችሁ ግን ጥበቃ ሆነብን፣ ደህና መሆናችንን ያረጋገጠ መሰለን። በጠራራ ፀሐይ ጥላ ነው ብሎ የተጠጋው ዛፍ የወደቀበት ሰው የሚሰማው እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል።

ጥር ወር ላይ ኢልሀም ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ወደቀች። መካነ ሰላም አደረስናት፤ ደም ያስፈልጋታል ተብሎ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን አቀስታ ላይ መኪና ቀይረን ደሴ ገባን። እኔ ተሸክሜያት ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክብደት እንዳልነበራት እኔ እመሰክራለሁ። ኩታበር ያደጉ አንዲት ሐኪም ተቀበሉን። የደሟንና የሰገራዋን ውጤት ሲያዩ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። አሥራ ሁለት መሆን ያለበት የደሟ መጠን አራት ነው አሉን። «የመንጠቆ ትል ነው። አንጀቷ ላይ ተጣብቆ ከዓመት በላይ ደሟን ሲመጥ ኖሯል። ሰገራዋን ከዚህ በፊት ማንም መርምሮላት አያውቅም እንዴ?»

ፈይዛ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። «ተመርምራለች ዶክተር፤ ዩኒቨርሲቲ» አልኩ። ሐኪሟ «መድኃኒቱ ክኒን ነው፤ እዚሁ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል» አሉ። በዚያች ደቂቃ ያለቀሰችው ፈይዛ አልነበረችም።

አምስተኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ። ልጅቷ ደም ተሰጥቷት፣ ክኒኗን ውጣ ሲሻላት፣ እኔ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። በእሷ ላይ ያያችሁት ሌላም ሰው ላይ አይታችሁ ይሆናል። ቀበሌው ሙሉ ሰው ብጣሽ ወረቀቱን በቁርኣኑና በዳዊቱ ውስጥ አስቀምጦ እየጠበቃችሁ ነው። ስለዚህ በየካቲት መጨረሻ ግቢያችሁ መጣሁ። በሩ ላይ «ችግር ፈቺ ምርምር ለማኅበረሰባችን» የሚል ሁለት ሜትር ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ኢልሀም ኩባያዋን ይዛ ትሥቃለች። ጥርሷ ሳይቀር ይቆጠራል።

በባነሩ ሥር አልፌ ቢሮ ቁጥር 14 ገባሁ። በዚያ ያሉት እህት በጣም ትሑት ናቸው። «የተሳታፊዎች ውጤት ምስጢር ነው» አሉኝ።

«ተሳታፊው እኔ ነኝ እህቴ፤ ይኸው ቁጥሬ።»

«ቁጥሩ የማን እንደሆነ እኛ አናውቅም። ለዚህ እኮ ነው ቁጥር የተሰጠው።»

«የኔ ነው እያልኩሽ!»

«መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ማስረጃውን እዚያው ላቀርብላቸው አስቤ ነበር፤ ረመዳን ገብቶ ሆዴ ባዶ ሆነብኝ። ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው መዝገብ የት እንዳለ ስጠይቅ ቁጥር አንድ ዘንድ ነው፣ ቁጥር አንድ ደግሞ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ አግኝተው ውጭ አገር ጉባኤ ላይ ናቸው ተባልኩ። እንኳን ደስ አላቸው። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የሚረግጠው ነገር እንደሚያስፈልገው ይገባኛል፤ የረገጡት ነገር ምን እንደሆነ ግን ጫማቸውን አንሥተው ቢያዩ መልካም ነበር። ስወጣ ባነሩን ቀና ብዬ አየሁት። የልጅቷ ፊት ምስጢር አይደለም። ምስጢሩ በሽታዋ ብቻ ነው፣ እሱም ከእሷ።

ስድስተኛና ለጽሑፌ ምክንያት የሆነው፣ ስለ መጣጥፋችሁ። ባለፈው ሳምንት ምስክር የሚባል የእናንተው የባዮሎጂ ተማሪ፣ ያደገው በእኛው ቀበሌ ነው፣ ፊልም ሊያስጭን ፍላሽ ይዞ ሱቄ መጣ። ፍላሹ ውስጥ የወይራ ምንጭ ስም ያለበት ፋይል አየሁ። እንግሊዝኛዬ ከስልክ ሴቲንግ ስለማያልፍ እሱ እየተረጎመ አነበበልኝ። በደረጃው ከፍ ያለ መጽሔት ላይ የወጣ ነው አለኝ።

ከሁለት መቶ አራት ሰው ስልሳ አንዱ ላይ ትል ተገኝቷል ይላል። ከእነዚህ ውስጥ እንቁላላቸው እኩል የሆነውን ሰባቱን በዕድሜያቸው ለየኋቸው፤ ሰባቱም እኔ ነኝ። ወስፋት ይዞኝ ኖሯል፤ ከስድስት ዓመት ሕፃን እስከ ሰባ ዓመት ሽማግሌ ድረስ ሰባት ሰው ሆኜ ታምሜያለሁ። ምስክርም እኔም እየሣቅን ነበር የምናነበው። ቀጥሎ ምስክር እንዲህ ብሎ ተረጎመ፦ «በሦስት ተሳታፊዎች ላይ እጅግ ከባድ የመንጠቆ ትል ጫና ታይቷል፤ በአንድ ግራም ከአራት ሺህ በላይ እንቁላል። እነሱም የስምንት ዓመት ሴት ልጅ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴትና የስልሳ ስድስት ዓመት ወንድ ናቸው። በሦስቱም ላይ የተገኘው የእንቁላል ብዛት አስገራሚ በሆነ ሁኔታ ተቀራራቢ ነው። ይህም ዕድሜና ጾታ ልዩነት እንደማያመጡ የሚያመለክት ሲሆን፣ ተጨማሪ ጥናትና በጀት ያስፈልጋል።»

ሣቄ እዚህ ላይ ተቋረጠ። 046፣ 047 እና 112።

ሦስት ጊዜ አይታችኋታል። በማይክሮስኮፑ ላይ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ፣ ሦስት ጊዜ እንቁላሉን ቆጥራችሁ፣ ሦስት ጊዜ «እጅግ ከባድ» ብላችሁ ጽፋችኋል። የአንድን ልጅ ሰገራ ለሦስት ሰው ያደልኩ አጭበርባሪ እኔ ነኝ፤ ሳይንሳችሁን አበላሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ለመሣቅ ብዬ ነው ያደረግሁት። ነገር ግን አንድ ጊዜ ታይቶ የሚዘነጋ ሰው ይኖራል፤ እኔ በተንኮሌ ይህችን ልጅ ሦስት ጊዜ ከዓይናችሁ ፊት አቅርቤላችሁ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ላድርግላችሁ? እናንተ ግን ሦስት ጊዜ አይታችሁ የታያችሁ በጀት ነው።

የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ምስክር ሲያነበው ድምፁ ቀነሰ። «ትል የተገኘባቸው ተሳታፊዎች በሙሉ መድኃኒት እንዲወስዱ ተደርጓል» ይላል። እንደገና አንብበው አልኩት። አነበበው። ያው ነው። እኔ የአህያ ፋንድያ ኩባያ ውስጥ ያስገባሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ንጽሕና ልነግራችሁ የምችል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ያን ፍላሽ ከነካሁ በኋላ እጄን ታጠብኩ። በእኛ መንደር ከተሰበሰበው ሁሉ የሸተተኝ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስለ ሁሉም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ኮፍያው አመሰግናለሁ፤ አሁን ዶሮ ይተኛበታል። በመጣጥፉ መጨረሻ መጀመሪያ ገንዘብ ሰጪውን፣ ቀጥሎ ላቦራቶሪውን፣ ቀጥሎ የቁጥር አንድን ባለቤት ስለ ትዕግሥታቸው ካመሰገናችሁ በኋላ እኛንም «ተሳታፊዎች» ብላችሁ በአንድ ቃል ስላስታወሳችሁን አመሰግናለሁ። ከፋሲካ በኋላ ለሁለተኛው ዙር፣ ለደም ናሙና እንደምትመጡ ለቀበሌው ስለጻፋችሁም አመሰግናለሁ። ደብዳቤያችሁ ለቅሬው ተነቧል። አባ ይሄነው ብድግ ብለው «ደም? ያቺ ልጅ የነበራትን ጨርሳለች። የተረፈ ካላቸው እነሱ ያምጡ» ብለው ተቀመጡ።

የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ስልሳ አንዱን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ላኩልን፤ ስም አንፈልግም፣ ምስጢራችሁ አይነካም፣ ብጣሾቹ እኛ ዘንድ አሉ። ከማን ጓዳ የወጣ ኩባያ ለማን እንደተሰጠ እኔ አስታውሼ ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ማን አበደረ፣ ማን ተበደረ የሚለው በግልጽ ተጽፏል፤ ስለዚህ እውነተኛዎቹን ታማሚዎች አንድ በአንድ እናገኛቸዋለን። መድኃኒቱንም አምጡ፤ ካላመጣችሁም ግድ የለም፣ ቁጥሮቹን ብቻ ስጡን፣ ክኒኑን እኛ እናዋጣለን። በዚህ ቀበሌ ውስጥ ዛሬም ዓይኑ እየነጣ «ዩኒቨርሲቲ አይቶኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው አለ። ማን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ዕውቀታችሁ እንዲበዛ፣ ማዕረጋችሁ እንዲጨምር፣ ባነራችሁን ፀሐይ እንዳይመታው፣ ፍሪጃችሁም መብራት እንዳይቋረጥበት እየተመኘሁ፣ በፊታችሁ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በስድስት ሰው ስም ከራሴ ጋር ወስፋት የያዘኝ፣ ወስፋቴንም ራሴ ክኒን ገዝቼ ያስወጣሁ፣ የቀድሞው አስተባባሪያችሁ

ሳዲቅ
ከወይራ ምንጭ

ማሳሰቢያ፦ መጣጥፉን ኢልሀም አንብብልኝ ብላ አስቸግራኝ ምስክር የተረጎመልኝን ጽፌ አነበብኩላት። አሁን ደህና ናት፤ ጉንጯ መቅላት ጀምሯል፣ መልሳም ትከራከራለች። ስለ ሦስቱ ሰዎች የሚለውን ስጨርስ «ሦስቱም እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ከሦስታችን ለአንዷ እንኳ ለምን አልነገሯትም?» አለች። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። መልሱን ተባባሪ ፕሮፌሰሩ እንዲጽፉላት በትሕትና እጠይቃለሁ። ሦስተኛ ክፍል ናትና በሚገባት አማርኛ ይሁን።